ጎማ በዓይን አይመረጥም

ብዙዎቻችሁ የራሳችሁ መኪና የላችሁም፤ እኔም የለኝም። ነገር ግን ነገ ለመስክ ሥራ በመሥሪያ ቤት መኪና ተሳፍሮ የዓባይን በረሃ የማይወርድ፣ ወይም በግዢ ኮሚቴ ተመርጦ ስለ ጎማ አስተያየት የማይጠየቅ ከመካከላችሁ ማን አለ? ስለዚህ ነገሩ የባለ መኪናዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ።

ይኸን እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ወዳጄ ነው። ወዳጄ አንዲት አሮጌ ላንድ ክሩዘር አለችው፤ ወደ ጎጃም ለመስክ ሥራ ለሚሄዱ ሰዎች እያከራየ ልጆቹን የሚያሳድገው በርስዋ ነው። ሞላዋን አስለውጦ ገላዋን 5 ሳንቲ ሜትር ካስነሣ በኋላ፣ ቁመቱ 35 ኢንች የሆነ ጎማና የሚያብለጨልጭ ሰፊ ቸርኬ ሊገዛ ቆረጠ። «አንተ መቼም ቁጥር ትወዳለህ፤ ገንዘቡን ሳላወጣ እስቲ አስላልኝ» አለኝ። ወረቀትና እርሳስ ይዘን ተቀመጥን።

በመጀመሪያ የጎማ ጽሕፈት እንዴት እንደሚነበብ ላስረዳችሁ። በመኪናዋ ላይ የነበረው ጎማ 265/70 አር 16 ይላል። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 ማለት የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 70 በመቶ ነው ማለት ነው፤ 16 ደግሞ ቸርኬው በኢንች ሲለካ ነው። ይኸ ሁሉ ሲደመር የጎማው ጠቅላላ ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ወዳጄ የተመኘው 35 ኢንች ግን 889 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆኑ ነው።

ወዳጄ ይኸን ሲሰማ ደስ አለው። ነገር ግን መኪናዋ ከመሬት የምትነሣው በልዩነቱ ግማሽ ብቻ ነው፤ ግማሹ ከመሐል ወደ ላይ ይቀራልና። ደግሞም ሞላ ከፍ ያደረገው ገላዋን እንጂ ድንጋይ የሚመታውን የዲፈረንሻል ሆድ አይደለም። በእንደዚህ ዓይነቷ ባለ ሙሉ አክስል መኪና ያን የሚያነሣው ጎማ ብቻ ነው። እንግዲህ ትልቅ ጎማ መፈለጉ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጥያቄው «ምን ያህል ትልቅ?» የሚለው ነበር።

ጎማ በረዘመ መጠን ሞተሩ መሬቱን የሚገፋበት ኃይል ይቀንሳል። በ35 ኢንች የሚጎድለው ከስምንት አንድ እጅ ያህል ነው። ዳገት ላይ ይኸ የነዳጅና የፍሪሲዮን ኪሣራ ነው ብለን እንለፈው። ቁልቁለት ላይ ግን የሰው ሕይወት ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚያ ላይ ፍሬኑ በዚያው ጉልበት መሬት ላይ የሚይዘው፣ ሞተሩም በማርሽ የሚገታው በዚያው ልክ ያንሳል። በዚህ ላይ ትልቁ ጎማ ከባድ ነው፤ ገላዋም ከፍ በማለቷ ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ትቀርባለች። ወዳጄ ይኸን ሲሰማ ዝም አለ፤ ከኋላው የሚሳፈሩትን ሰዎች ያሰበ መሰለኝ።

በቢሮ ለምትሠሩት ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር። ጎማው ሲያድግ የኪሎ ሜትር መቍጠሪያው ካልተስተካከለ ውሸት ይናገራል። በ35 ኢንች ጎማ 80 ሲያሳይ መኪናዋ 91 ያህል ትበራለች፤ 100 ኪሎ ሜትር ሲመዘግብም የተጓዘችው 114 ነው። የነዳጅ ሒሳብ የሚይዝ ጸሐፊ ይኸን ካላወቀ፣ መዝገቡ ላይ መንገዱ አጥሮ ነዳጁ በዝቶ ይታየዋል፤ ንጹሑንም ሾፌር ነዳጅ ቀዳህ ብሎ ይከሰዋል። አንድ ሰው እንጀራውን ከማጣቱ በፊት የጎማውን ቁጥር ማንበብ አይሻልም ትላላችሁ?

የቸርኬውም ነገር እንዲሁ ነው። ወደ ውጭ የወጣ ሰፊ ቸርኬ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ክብደቱ ኩሽኔታውን ያደክማል፣ መሪውንም ያከብዳል፤ መሪው ሲጠመዘዝም ጎማው ፓራፋንጎውን ይፈትጋል። ትልቅ ዲያሜትር ያለው ቸርኬ ደግሞ የጎማውን ጎን ያሳጥረዋል። ለድንጋይና ለአሸዋ የሚበጀው ግን ቸርኬው ትንሽ፣ የጎማው ጎን ረዥም የሆነው ነው፤ አየር ሲቀነስለት ይለሰልሳል፣ መሬቱንም ረዘም አድርጎ ይይዛል። አስፋልት ላይ ከመውጣት በፊት ግን አየሩ መመለስ አለበት፤ አየር ያነሰው ጎማ ሲሮጥ ግሎ ይፈነዳልና።

በመጨረሻ የተስማማንበት የፋብሪካውን 16 ኢንች ቸርኬ ሳይለውጡ 285/75 መግጠም ነበር። ቁመቱ 834 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የዲፈረንሻሉን ሆድ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያነሣል፣ የሚጎድለውም ኃይል ከአሥራ አምስት አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ጎሚስታው አንዱን ጎማ በድንጋይ ላይ አሳርፎ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዞረው፤ የሚነካ ነገር አልተገኘም። የተገዛው አራት ሳይሆን አምስት ጎማ ነው፤ አራቱም እግር በሚሠራበት መኪና ቁመቱ የተለየ ስኮርታ ማርሹን ይጎዳልና። በጎማው ጎን የተጻፈውንም አራት አኃዝ አየን፤ 2324 ቢል በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በተረፈውም ገንዘብ ወዳጄ ፍሬኑን አሳደሰ።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ተማሪ ብቻ አይመስለኝም። እናንተም ነገ ሹመት፣ ቤት ወይም መኪና ሲቀርብላችሁ፣ ከፍታው ከማማለሉ በፊት «ቁልቁለቱ ላይ የሚይዘኝ ፍሬን አለኝን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካገኛችሁ በኋላ ከፍ በሉ፤ መንገዱም የቀና ይሁንላችሁ።