ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክል መብራት

በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከኦሊምፒክ እስከ ዊትዎርዝ ባለው የፌርፋክስ ጎዳና ዙሪያ ለምንኖር ተማሪዎች የመጓጓዣ ነገር ከእንጀራ ጉዳይ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ይህን ሥፍራ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙ ያኮራናል፣ ይሁን እንጂ ስም ማንንም ከሌሊት ሥራው አያደርስም። ታናሻችን የሆነው ጓዳችን ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። ከቤት ኪራያችን አንድ አራተኛው፣ ባገር ቤት ያለችው እኅቱም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በዚሁ ሥራ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ሁለት ጊዜ አርፍዷል፤ ሦስተኛው የመጨረሻው እንደሚሆን በጽሑፍ ተነግሮታል። ያረፈደበትም ምክንያት አራታችን ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት የ1972 ሥሪት ሆንዳ ሲቢ 350 ሌሊት ሌሊት መንገድ ላይ ድርግም እያለች ስላስቸገረችው ነው።

ሆንዳ በአሜሪካ የመጀመሪያ መደብሩን እ.ኤ.አ. በ1959 የከፈተው በዚሁ ከተማ፣ ከሠፈራችን በስተደቡብ ፌርፋክስን አቋርጦ በሚያልፈው በፒኮ ጎዳና ላይ ነበር። እንግዲህ የሞተሯ ወገኖች ከእኛ በፊት ሠፈሩን ያውቁታል ማለት ነው።

ለክርክር ማን ይብለጠን! አንዱ ባትሪው አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ አለ። ሌላው ዲናሞው ተቃጥሏል አለ። ሦስተኛው ሬክቲፋየሩን፣ ማለትም ከዲናሞ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ጅረት ለባትሪው ወደሚስማማ ቀጥተኛ ጅረት የሚለውጠውን ዕቃ፣ ወነጀለ። እያንዳንዱ አስተያየት በበቂ ማስረጃ ሊደገፍ የሚችል መስሎ ይታይ ነበር፤ የሁሉም ዋጋ ቢደመር ግን የወር ቀለባችንን ይበላል። በዚህን ጊዜ ነበር ቀድሞ በመርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ ኤሌትራውቶ የነበሩትን ጎረቤታችንን ጋሼን የጠራናቸው።

ጋሼ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ እንዲሁም አንድ አሮጌ ቴስተር ይዘው መጡ። ከዚህ ላይ ልብ ያልነው ነገር ቢኖር የጋራዥ ቋንቋችን ነገር ነው፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ፍሬቻ እያልን በአማርኛ ስናወራ የምንጠራቸው ቃላት የጣሊያን ናቸው፣ ማሽኒቱ የጃፓን፣ የቆምንበት መሬት የአሜሪካ። ለዚህ ትርጉም እንስጠው ብንል ሌሊቱ ይነጋብን ነበርና ተውነው።

«ልጆቼ፣ ገንዘቡ ከኪሳችሁ ሳይወጣ በፊት ቴስተሩ ይናገር» አሉን። ቀጥለውም ማናችንም ያላነሳነውን ጥያቄ ጠየቁ፦ «ቀን ነው የምትጠፋው ወይስ ሌሊት?»

ሌሊት ብቻ ነበር። በካሊፎርኒያ ሕግ የፊት መብራቷን ቀንም ማብራት ግዴታ የሆነባት ከ1978 ወዲህ የተሠራች ሞተር ሳይክል ናት፤ የእኛዋ ከዚያ ስለምትቀድም ጓዳችን ቀን ወደ ትምህርት ቤት መብራት ሳያበራ ይሄዳል፣ አንድም ቀን ጠፍታበት አታውቅም።

ባትሪው ሌሊቱን ተሞልቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ደኅና ነው። መብራት ሳይበራ፣ ሞተሩ መካከለኛ ዙር ሲይዝ 13.8 ደረሰ፤ ዲናሞውና ሬክቲፋየሩ በከፊልም ቢሆን መሥራታቸው በዚህ ታወቀ። መብራቱ በበራ ጊዜ ግን በዚያው ዙር ቮልቱ ወደ 11.9 ወረደ፣ መውረዱንም አላቆመም። የቦቢናው ጉልበት ከባትሪው ነውና ባትሪው ሲዳከም የካንዴላው እሳት ይከሳል፤ ሞተሩም በየትራፊክ መብራቱ ሥር ዝም ይላል።

ጋሼ በመጀመሪያ የመልሱን መስመር መረመሩ። መብራቱ እንደበራ የቴስተሩን አንዱን እግር በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በፊት መብራቱ አረንጓዴ ሽቦ ላይ አሳረፉት፤ በሆንዳ አረንጓዴው ግራውንድ ነው። ከዜሮ እምብዛም መራቅ የማይገባው ቁጥር 0.7 ሆነ። ጉልበቱ በመንገድ እየባከነ ነበር ማለት ነው። ሽቦው ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ብሎን ፈትተው ዝገቱንና ቀለሙን እስኪያበራ ድረስ ፋቁት፤ 0.1 ሆነ። መብራቱ ደመቀ። የባትሪው መድከም ግን አልተወም። (አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ሽቦዎች በአንድ ጥቅል ተያይዘው ባየን ጊዜ አንዱ ጓዳችን ብድግ ብሎ ቆመ፤ ጋሼ ሳይስቁ «ተቀመጥ፣ መብራቱን ያዝልኝ» አሉት።)

ቁም ነገሩ ከዲናሞ በሚወጡት ሦስት ሽቦዎች፣ በሮዙ፣ በቢጫውና በነጩ ላይ ነበር። የጃፓን መሐንዲሶች ባትሪው ቀን ከመጠን በላይ እንዳይሞላ ሲሉ የዲናሞውን ጥቅልል ከፊሉን ብቻ እንዲሠራ አድርገውታል፤ የቀረው የሚጨመረው መብራት ሲበራ ነው። ይኸውም እጀታው ላይ ያለው ማብሪያ ሁለት ሥራ አለው፤ መብራቱን ያበራል፣ ነጩንም ሽቦ ከቢጫው ያገናኛል። የመጀመሪያው ሥራ ለዐይን ይታያል። ሁለተኛው ቢቋረጥ ግን መብራቱ ይበራል፣ ማንም ማብሪያውን አይጠረጥርም፣ ባትሪው ብቻ በጸጥታ ያልቃል።

ጋሼ ማብሪያውን ሳይነኩ በአጭር ሽቦ ነጩንና ቢጫውን መጋጠሚያቸው ላይ አገናኙ። የቴስተሩ ቁጥር 12፣ 12.8፣ 13.4 እያለ ወጣ። ማንም አልተናገረም። ጓዳችን ብቻ እጁን በፊቱ ላይ አሳልፎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ማብሪያው ሲከፈት ከመገናኛዎቹ አንዱ አረንጓዴ የመዳብ ዝገት ለብሶ ተገኘ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ በማጽጃ ፈሳሽ ታጠበ፤ ወጪው የአንድ ጣሳ ማጽጃ ዋጋ ብቻ ነበር። ማታ ከሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጓዳችን ተነሥቶ ሄደ፣ በማግሥቱ ንጋት በራሱ ሞተር ተመለሰ፤ ገና ሳይወርድ ባትሪውን ለካንለት፣ ደኅና ነው።

ለባትሪ ተብሎ የተዋጣው ገንዘብ በዚያው ሳምንት ለእኅቲቱ ተላከ። የሽቦዎቹን ካርታ ደግሞ ጋሼ በቃል እየነገሩን በአማርኛ ነደፍነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከመቀመጫዋ ሥር ይገኛል። የግራው የኋላ ፍሬቻ አሁንም ከቀኙ ይፈጥናል። ጋሼ አምፑሉን ገና አላዩትም።