የእብዱ ድርሻ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚባለውን ልቦለድ የማነበው ለፍቅሩ ብዬ አይደለም። ይህን በመናገሬ ያስቀየምኳቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዲት አክስቴማ «አንተ ልጅ፣ አንጀት የሚባል ነገር አልፈጠረብህም እንዴ?» ብላ ቡናውን ሳታስጨርሰኝ ልታስወጣኝ ነበር። ምን ላድርግ፣ አፍቃሪውን በዛብህን ለመውደድ ሞክሬ ሞክሬ አልሆነልኝም። ሲፈራ ይሸሻል፣ ሸሽቶ ይተክዛል። ፍቅረኛው ሰብለ ወንጌል ትሻለኛለች፤ እሷ ቢያንስ ያን ሁሉ የአባቷን የፊታውራሪ ቤት ጥላ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ወጥታለች። እኔን ግን ያን ወፍራም መጽሐፍ ደጋግሞ የሚያስከፍተኝ ሌላ ሰው ነው፤ ጉዱ ካሳ።

ከዚህም የተነሳ አንድ የማይድን አመል ይዞኛል። የአማርኛ ፊልም ሳይ እብዱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ፍቅረኞቹ ሲጣሉ ሰዓቴን አያለሁ፤ የተቀደደ ካፖርት የደረበ ሰው በመንደሩ ጠርዝ ብቅ ሲል ግን ወንበሬ ላይ እስተካከላለሁ። እውነቱን የሚናገረው እሱ ነዋ! ታዲያ ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር፤ ይህን ሥራ ለእብድ የሰጠው ማነው? ጤነኞቹስ ምን ሆነው ነው?

ጉዱ ካሳ፣ በትክክለኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ፣ እብድ እንዳልሆነ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ያውቃል። የተማረ ሰው ነው፤ ከሰብለ አባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤትም ዝምድና አለው። እብድ ያሰኘው ጨርቁን መጣሉ ሳይሆን አንዱ ሰው በዘሩ ከሌላው የሚበልጥበት ምክንያት አልገባኝም ማለቱ ነው። ለበዛብህ የአገሩን ሥርዓት በድንጋይ ቤት እየመሰለ ሲያስረዳው፣ በሚኖርበት ዲማ ውስጥ ከእሱ የተሻለ ጤነኛ እንደሌለ ይገባናል። (ንግግሩ እንደሚረዝም አልክድም። አንዳንዴ በዛብህ እንቅልፍ ሳይወስደው እንዴት እንዳዳመጠው ይገርመኛል፤ ምናልባት የሰውየው ትልቁ ጀግንነት ይሄ ነው።)

መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ድንጋይ ወርዋሪ ወጣት አልነበሩም። ጣሊያንን የተዋጉ፣ ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች የታሰሩ፣ ኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር የሆኑ የመንግሥት ሰው ናቸው። ሳንሱር ባለበት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዙፋናቸው ላይ ባሉበት ጊዜ አንድ ሚኒስትር «ይህ ቤት ከመሠረቱ የተበላሸ ነው» ለማለት ቢያምረው በማን አፍ ይበለው? በፊታውራሪው አፍ አይሆንም። በድሀው ተማሪ አፍ ቢሆን ተማሪው ይታሰራል። እብድ ግን ማን ያስረዋል? እብድን ያሰረ ሹም ነገሩ እንደነካው ራሱ መሰከረ ማለት ነው።

ይህን ብልሃት ሐዲስ የፈጠሩት አይደለም፤ ከአገሩ ያገኙት ነው። ድሮም ቢሆን እውነት በቀጥታ ከቤተ መንግሥት ደጅ ደርሶ አያውቅም። ባህታዊው ከበረሃ ወርዶ ገበያ መሀል ንጉሡን ሲገሥጽ «የራሴ ሐሳብ ነው» አይልም፤ የታዘዘውን ነው የሚናገረው። አዝማሪው ሹሙን ፊት ለፊት ሰድቦ ሽልማቱን ተቀብሎ ይወጣል፤ ሰሙን ሰጥቶ ወርቁን ለራሱ ይዟላ። «እረኛ ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ የኖረውም አገሩን ሁሉ የሚያውቀው እረኛው ስለሆነ አይመስለኝም። ልጅ በዜማ ለተናገረው ማንም አይጠየቅም፤ ጠያቂውም አይፈርድበትም። ባህታዊ፣ አዝማሪ፣ እረኛ፣ ሁሉም ተናግረው የማይጠየቁ ናቸው። ጉዱ ካሳ የእነዚህ ሁሉ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱ ላይ ብቻ መጽሐፍ ተጨመረበት።

ለእብዱ ፊት የሰጠው ሲኒማ ቢሆንም ድምፅ የሰጠው ሬዲዮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ አንዱ ጉሮሮ ሁሉንም ሆኖ ነበር፤ ፊታውራሪውንም፣ ወይዘሮ ጥሩአይነትንም፣ ፈሪውንም፣ ደፋሩንም። መጽሐፉን ገልጠው የማያውቁ ሰዎች ጉዱ ካሳን እንደ ጎረቤታቸው የሚያውቁት በዚያ ድምፅ ነው። እኔም ብሆን ዛሬ ገጹን ሳነብ የማነበው በራሴ ድምፅ አይደለም። የአማርኛ ፊልሞችን አብዝቼ የምነቅፈው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። ዓይኔ ከጆሮዬ በኋላ ስለተከፈተ፣ ተዋናዩ አፉን ሲከፍት ወጋየሁን እጠብቃለሁ፤ ወጋየሁ ግን አይመጣም።

ወደ ሲኒማው ስመለስ፣ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ያነሱት በ1966ቱ የለውጥ ሰሞን ነው፤ ዘውዱ ሊወድቅ ሲንገዳገድ። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሄድ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች የተሠራ ፊልም ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው ግማሹ ላይ ይቁነጠነጣል። ገበሬው ያርሳል፤ ያርሳል፤ አሁንም ያርሳል። ባለመሬቱ ከፍታው ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ያያል። እኔ ግን ይህን ፊልም ከማንኛውም ያገራችን ፊልም አስበልጣለሁ። ድካምን ለማሳየት ተመልካቹን ራሱን ከማድከም የተሻለ መንገድ የለምና! እዚያም ውስጥ እብዱ አለ። ከበበ ይባላል። መሬቱን የተቀማ፣ ሰው እብድ የሚለው፣ ያገኘውን ሁሉ እየተቆጣ የሚዞር ሰው። ጉዱ ካሳ ሲያስረዳ ከበበ ይጮኻል። ጉዱ ካሳ በምሳሌ ሲናገር ከበበ በመጨረሻ ዱላውን አንስቶ ባለመሬቱን ይጨርሰዋል። አንዱ ደራሲ ከሌላው ወሰደ ማለቴ አይደለም። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ገሪማ ታፈረም ጸሐፊ ነበሩ፤ ባህታዊውንና አዝማሪውን ለማወቅ ዲማ መውረድ አያስፈልጋቸውም። እኔን የሚገርመኝ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ እብዱ ትዕግሥቱን መጨረሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የመጡት ፊልሞች ሁሉ እብድ አላቸው ብዬ ልዋሽ አልችልም። «ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ እውነቱን የያዘችው ጠበቃ ናት። ፋይል አላት፣ ሕግ ትጠቅሳለች፣ ችሎት ትቆማለች፤ ፍጹም ጤነኛ። የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ነፃ የወጣችበት እውነተኛ ጉዳይ ላይ ስለተመሠረተ ነገሩ ከባድ ነው፤ ፊልሙንም አከብረዋለሁ። ግን ደግሜ ለማየት አልቸኩልም። ሁሉም ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ቦታ ሲናገር የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የማነብ ይመስለኛል። የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ አዳራሹ ሞልቶ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቆሙ ነው። ስለ ችሎት የተሠራ ፊልም በችሎት ሲታገድ፣ ያን ምሽት አንድ ጉዱ ካሳ ከአዳራሹ ጥግ ተነስቶ ቢናገር ምን ይል ነበር እላለሁ። ያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ን በ2007 ዓ.ም. ካን ድረስ ሲወስድ ደግሞ ልባችንን ያስረከበን ለአንድ ልጅና ለበጉ ነው። ተራራው ያምራል፣ በጉ ያምራል። ልጁ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ አጎቱ ይህን አይወድም። ከፊልሙ የምወደው ይህንኑ ነው፤ አገሩን የነቀነቀ ንግግር ሳይኖር አንድ ወንድ ልጅ ሽንኩርት በመክተፉ ብቻ ቤቱ መታመሱን።

የከተማው ኮሜዲዎቻችን ነገር ሌላ ነው። እዚያ የእብዱ ድርሻ ወደ ዘበኛውና ከገጠር ወደመጣው ሠራተኛ ዞሯል። ጌቶቹ እየዋሹ ሳሎን ውስጥ ሲንጎማለሉ ዘበኛው ከበሩ ሥር ሆኖ እውነቱን ጣል ያደርጋል፤ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ ታሪኩ ምንም እንዳልተባለ ይቀጥላል። መሳቁን እኔም እስቃለሁ። ግን የጉዱ ካሳ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ደሞዙ ከሳቃችን የሚከፈለው መሆኑ ትንሽ ያሳፍረኛል።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። «ጤዛ» ሲመጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ቬኒስ ላይ ተሸልሞ፣ ኃይሌ ያንኑ ሰው መልሰው እንዳመጡት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አንበርብር ጀርመን የተማረ ሐኪም ነው። ደርግ ሊወድቅ አካባቢ፣ አንድ እግሩን አጥቶ፣ ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ሌሊት ይቃዣል፣ ቀን ይፈዛል። መንደሩ መንፈስ ይዞታል ይላል፤ እናቱ ጸበል ትወስደዋለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ጉዱ ካሳ እውነቱን በመናገሩ እብድ ተባለ፤ አንበርብር እብድ የተባለው መናገር አቅቶት ነው። ያየውን ሁሉ ያውቃል፤ የጓደኞቹን እርስ በርስ መባላት፣ በነጻ አውጪነት ስም የተገደሉትን። ግን ከአፉ አይወጣም። በምሳሌ የተነተነው ሰውዬ፣ ቀጥሎ የጮኸው ሰውዬ፣ ሦስተኛ ትውልዱ ላይ ዲዳ ሊሆን ምንም አልቀረው። ፊልሙ የሚያሳየውን ሁሉ አልወደድኩለትም፤ ጀርመን ውስጥ ያሉት የተማሪዎች ክርክሮች መጽሔት የሚያነቡ እንጂ የሚነጋገሩ ሰዎች አይመስሉም። መንደሩ ውስጥ ግን፣ እናትየው ባለችበት ሁሉ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት።

በእብዶቹ መጨረሻም ላይ አስተያየት አለኝ። ሐዲስ ጉዱ ካሳን አመንኩሰው ከበዛብህና ከሰብለ ወንጌል ጋር ቀብረውታል። ለሁለቱ ፍቅረኞች ስናለቅስ መቃብሩ ውስጥ ሦስተኛ ሰው እንዳለ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ እኔ ለእሱ ብዬ ነው የማለቅሰው። ከበበም ከዱላው በኋላ ዕድሜ የለውም። ከሁሉም በሕይወት የተረፈውና ሥራ ያገኘው አንበርብር ነው፤ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህር ይሆናል። ልጆቹ ተቀምጠው ሲጠብቁት፣ ያ ሁሉ ዘመን እንደ እብደት የተቆጠረው ነገር በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ ሊነገር ነው ብዬ ወንበሬ ላይ ተስተካከልኩ። ትምህርቱ ገና ሲጀመር ፊልሙ አለቀ። እኔ ደግሞ ትኬት የቆረጥኩት ለእሱ ነበር።