ለግቢያችን የትኛው ትራክተር ይስማማል?

በአሜሪካ አገር ግቢ ያለው ቤት የገዛ ቤተ ሰብ ሣሩንም አብሮ እንደ ገዛ የሚያስተውለው ሚያዝያ ሲገባ ነው። በበረዶው ወራት ተኝቶ የነበረው መስክ በዝናቡና በፀሐዩ ይነቃል፤ ዛሬ የታጨደው በሳምንቱ ቍርጭምጭሚት ያለብሳል። ዝም ብለው ቢተዉትም የሚታለፍ አይደለም፤ ጎረቤት ይታዘባል፤ በብዙ ከተሞችም የሣር ቁመት በደንብ የተወሰነ ስለ ሆነ ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። እንግዲህ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ድረስ በየሳምንቱ የሚደርስ አንድ ሥራ በቤቱ ላይ ተጨመረ ማለት ነው። ይህን ሥራ በምን መሣሪያ መሥራት እንደሚገባ መምረጥ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብን፣ ጊዜንና የልጆችን ደኅንነት የሚነካ ስለ ሆነ፣ በቤታችን የተመካከርንበትን ለአንባቢዎች ማካፈል መልካም መስሎ ታየኝ።

የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ ከዋሽንግተን ከተማ ወደ ደቡብ ራቅ ብሎ በሚገኝ ሰፈር ነው። በቤቱ ያለነው ባለቤቴና እኔ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ5 ዓመት ሴት ልጃችን፣ እንዲሁም በጎጃም በሬ ጠምደው ሲያርሱ የኖሩት አባቴ ነን። መሬቱ አንድ ኤከር ሲሆን፣ ይህም 4,047 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ቤቱ፣ የመኪናው መንገድና ዛፎቹ የያዙት ሲቀነስ 3,000 ካሬ ሜትር የሚያህል ሣር ይቀራል። ይህን ሁሉ ባለቤቴ በእጅ በሚገፋ ትንሽ ማጨጃ ሲያጭድ ከረመ። ሁለታችንም በሥራ ላይ ስለምንውል ለዚህ የተረፈው ሰዓት የእሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። ከቅዳሴ ተመልሰን ቤተ ሰቡ በአንድነት ቡና በሚጠጣበት ጊዜ፣ የቤቱ አባወራ ከማጨጃው ኋላ ላቡን እያፈሰሰ ይሄዳል። ትራክተር እንግዛ የሚለው ጭውውት የተጀመረው ለምቾት ሳይሆን ይህችን የሰንበት ሰዓት ለማስመለስ ነበር።

ሐሳቡ ከተነሣ በኋላ ግን እያንዳንዱ ሰው በልቡ ሌላ መሣሪያ እንደ ነበረው ታወቀ። ልጃችን ባለ ሁለት ዘንጉን፣ በቆመበት እንደ እንዝርት የሚዞረውን ዜሮ ተርን የተባለውን ፈለገ። ባለቤቴ በመደብር ያየው ከባድ የአትክልት ትራክተር ዓይኑን ማረከው። አባቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ያርሳል ወይ?» አሉ። እኔ ደግሞ ሰው ቀጥረን ብናሳጭድ ይሻላል ባይ ነበርሁ፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለልጃችን ትምህርት ከምናጠራቅመው ነውና። ሰው ጠየቅን፤ ለአንድ ጊዜ 60 ዶላር አለን። በዓመት 26 ጊዜ ቢያጭድ 1,560 ዶላር፣ በሁለት ዓመት 3,120 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ ተራው የግቢ ትራክተር ይገዛል፤ እርሱም ከ2,000 እስከ 3,000 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛልና። ሒሳቡ ሲቀርብልኝ የራሴን ሐሳብ ተውሁት።

አባቴን ያስደነቃቸው ግን ዋጋው ሳይሆን ሥራው ራሱ ነበር። «ሰው ሣር የሚያጭደው ለከብት ነው፤ ከብት በሌለበት ለምን ይታጨዳል?» አሉ። በእርግጥም የሜዳ ሣርን ለዓይን ደስታ ብቻ አሳጥሮ መያዝ በዱሮ ዘመን የእንግሊዝ ባላባቶች ልማድ ነበር፤ የሚያጭዱትም ማጭድ የያዙ ብዙ ሠራተኞች ነበሩ። በ1830 እ.ኤ.አ. ኤድዊን በዲንግ የተባለ የግሎስተርሺር ሰው፣ በፋብሪካ የሱፍ ጨርቅን ጠጉር ከሚያስተካክለው መኪና ሐሳቡን ወስዶ የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ መኪና ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የአሜሪካ ሕዝብ ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ ግቢ ባላቸው ቤቶች መኖር ሲያበዛ፣ የእርሻ ትራክተር ሠሪዎች ታናናሽ ትራክተሮችን ለገበያ አቀረቡ፤ ኢንተርናሽናል ሀርቨስተር ከብ ካዴትን በ1961፣ ጆን ዲርም 110 የተባለውን በ1963 እ.ኤ.አ. አወጡ። ይህን ስተርክላቸው አባቴ ጥቂት አሰቡና፣ የታጨደውስ ወዴት ይሄዳል ብለው ጠየቁኝ። ደቆ እዚያው ቢቀር ለሥሩ ማዳበሪያ እንደሚሆን ነገርኋቸው። «እንግዲያው የሚበላው መሬቱ ነዋ! ከሆነስ አይባክንም» ብለው ከዚያ ወዲያ በምክሩ ገቡበት።

በገበያ ያሉት መሣሪያዎች ስማቸው ቢበዛም በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ተራው የግቢ ትራክተር ነው፤ ሞተሩ ከፊት፣ የሚያጭደው ስለት ከሆዱ ሥር ሆኖ፣ ሥራው ማጨድና ቀላል ጋሪ መጎተት ነው። ሁለተኛው የአትክልት ትራክተር ሲሆን በመልኩ የፊተኛውን ቢመስልም ብረቱ ወፍራም፣ የኋላ ዘንጉ ጠንካራ፣ ጎማውም ትልቅ ነው፤ ማረሻ ይጎትታል፣ በረዶ ይገፋል፤ ዋጋው ግን የፊተኛውን እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሦስተኛው ዜሮ ተርን ነው፤ መሪ የለውም፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በየራሳቸው ዘንግ ይታዘዛሉ፣ የፊቶቹ ተከትለው ይዞራሉ። በሜዳ ላይ በዛፎች መካከል ለመሥራት እጅግ ፈጣን ነው። ነገር ግን የሚመራው በኋላ ጎማዎቹ ስለ ሆነ፣ በተዳፋት ላይ እነርሱ ከተንሸራተቱ መምሪያውም አብሮ ይጠፋል።

የአትክልት ትራክተሩን ነገር የቆረጡት አባቴ ናቸው። ጎመንና ድንች የሚተክሉበት ቦታ 6 ሜትር በ8 ሜትር ነው። ባለቤቴ «አባባ፣ ይህ ትራክተር ያንን በአንድ ጥዋት ያርስልዎታል» ቢላቸው፣ «ልጄ፣ ለአንድ ጥዋት ሥራ ዓመት ሙሉ በሬ አይቀለብም፤ ያንን እኔ በአካፋ እገለብጠዋለሁ» አሉት። በሬ የቀለበ ሰው የሚያውቀው ጥበብ ነው። ኃይል ሲገዙት ብቻ ሳይሆን ቆሞ ሲውልም ያስከፍላል።

ከዚያ በኋላ ስፋቱን መረመርን። የሚገፋው ማጨጃችን በአንድ መስመር የሚያጭደው 53 ሳንቲ ሜትር ነው። 3,000 ካሬ ሜትሩን ለመጨረስ ከ5 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ መሄድ ያስፈልጋል፤ መስመሮቹ በጥቂቱ ሲደራረቡ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ባለ 107 ሳንቲ ሜትሩ ትራክተር ይህንኑ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ያወርደዋል፤ መዞሪያው ተጨምሮ ሥራው በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ባለ 137 ሳንቲ ሜትሩ ከዚህ ላይ የሚያተርፈው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ደግሞ ረቡዕ ማታ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊሠራ ይችላል። ለሣሩም የሚስማማው ይኸው ነው፤ በእኛ አካባቢ የሚበዛው ፌስኪዩ የተባለው ሣር ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢተውለት ይወዳል፤ በአንድ ጊዜም ከቁመቱ ሲሶ በላይ ሊቈረጥ አይገባም። ሳምንቱን ጠብቆ ማጨድ እንጂ አቆይቶ መላጨት ይጎዳዋል።

ስለ ስፋት ሲነገር ብዙ ሰው የማያስበው የበሩ ጉዳይ አለ። በመደብር የሚጻፈው ቁጥር ስለቱ የሚያጭደው ስፋት ነው፤ የታጨደውን ወደ ጎን የሚያወጣው ክንፍ ሲጨመር መሣሪያው ከተጻፈው ይሰፋል። ወደ ጓሮ የሚያሳልፈው በራችን 152 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ ባለ 107ቱ ከነክንፉ ያልፋል፤ ሰፊው ግን በሩን አፍርሱልኝ የሚል እንግዳ ይሆንብን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ከቤቱ ኋላ ወደ ወንዙ የሚወርደው ተዳፋት ነበር። የአብዛኞቹ ተቀምጠው የሚነዷቸው ማጨጃዎች መመሪያ ከ15 ዲግሪ በላይ ባለ ተዳፋት ላይ አትንዱ ይላል፤ መሣሪያው ተገልብጦ ነጂውን ከሥሩ ያውለዋልና። ዲግሪውን ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። አባቴ አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ አመጡ፤ አንዱን ጫፍ በተዳፋቱ ላይ አሳርፈው ሌላውን በአየር ላይ ያዙ። በግማሽ የተሞላ የውኃ ጠርሙስ አጋድሜ በላዩ አስቀመጥሁና ውኃው እስኪስተካከል ድረስ ጫፉን ከፍና ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ከአየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለካን። 27 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 15 ዲግሪ ነው፤ የእኛው 35 ሆነ። እንግዲህ ይህን ቦታ በየትኛውም ትራክተር ለማጨድ ማሰብ ቀረ። «ተዳፋት ዛፍ ይተከልበታል እንጂ አይታገሉትም» አሉ አባቴ። ሣሩን ትተን ቍጥቋጦ ልንተክልበት ተስማማን፤ በዚህም የሚታጨደው ቀነሰ፣ አፈሩም እንዳይሸረሸር ተጠበቀ። ልዝብ በሆነው ተዳፋት ላይ ደግሞ ትራክተር ሽቅብና ቍልቍል እንጂ በአግድም እንደማይነዳ፣ በእጅ የሚገፋው ግን በተቃራኒው በአግድም እንደሚሄድ፣ እርጥብ ሣርም እንደማይታጨድ ለቤቱ ሁሉ ነገርን።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ያገለገለ ትራክተር በ700 ዶላር እንደሚሸጥ ሰማን። ዋጋው ልብ ያማልላል፤ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ባለቤቴ ስለቱን አስነሥቶ ከመቀመጫው ብድግ ሲል ግን ሞተሩ አልጠፋም፤ ስለቱም መዞሩን አላቆመም። ደኅና ትራክተር ስለቱ እየዞረ ነጂው ከተነሣ ራሱን ያጠፋል። ሻጩ «እያስቸገረኝ ሽቦውን ቈርጬዋለሁ» አለን፤ አመስግነን ተመለስን። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ያቺ ሽቦ የተቈረጠችበት ትራክተር በልጆች ቤት ሊገባ አይገባውም።

ወደ ልጆቹ ነገር ስንደርስ ቤቱ ጥቂት ቀዘቀዘ። ወንዱ ልጅ ትራክተሩ ለእርሱ የሚገዛ መስሎት ነበር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በእጅ የሚገፋውን ከ12 ዓመት፣ ተቀምጠው የሚነዱትን ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይዝ ይመክራል። «አያቴ በእኔ ዕድሜ በሬ ጠምዶ ያርስ ነበር» ብሎ ተከራከረ። አባቴም፣ «እውነት ነው፤ በሬ ግን የወደቀ ልጅ ሲያይ ይቆማል። ይህ ብረት አያይም» ብለው መለሱለት። ታናሽቱም በአያቷ ጭን ተቀምጣ መዞር አምሯት ነበር፤ አባቴ ራሳቸው እምቢ አሉ። አንድ ጊዜ በጭን የተቀመጠ ሕፃን ድምፁን በሰማ ቍጥር ወደ ትራክተሩ ይሮጣል፤ ወደ ኋላ የሚሄድ ነጂም ከኋላው ያለውን ትንሽ ልጅ አያየውም። ስለዚህ ሲታጨድ ታናሽቱ ከቤት አትወጣም፤ ታላቁም ሁለት ዓመት እስኪቆይ የዛፎቹን ዙሪያ በሚገፋው ማጨጃ ያስተካክላል። ፊቱ ለጥቂት ቀናት ጨፍግጎ ሰነበተ፤ እኛም ታገሥነው።

የቀረው ከማን ይገዛ የሚለው ነበር። በባትሪ የሚሠራውንም አይተናል፤ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዘይትና ካንዴላ የማይጠይቅ ነው። ይህን ለሚመርጥ ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ ሁለት ነው፤ በአንድ ሙሌት ስንት ካሬ ሜትር ያጭዳል? ባትሪው ሲያረጅስ መተኪያው ስንት ነው? ለእኛ የመተኪያው ዋጋ ስለ ከበደን ባለ ቤንዚኑን መረጥን። በሰፈራችን ካለች ትንሽ ሱቅ፣ የሚሸጠው ሰው ራሱ ከሚጠግንባት፣ ባለ 107 ሳንቲ ሜትሩን ተራ የግቢ ትራክተር በ2,400 ዶላር ገዛን። ቺንጋ ሲበጠስ ወይም ስለት ሲደነዝዝ በእግር ተሂዶ የሚጠየቅ ሰው መኖሩ ከቀለሙና ከስሙ ይበልጣል።

እንግዲህ ለዚሁ ጉዳይ የሚያስብ ቤተ ሰብ ካለ ምክራችን ይህ ነው። ወደ መደብር ከመሄድ በፊት ሜትር ይዞ ወደ ግቢ መውጣት ይቅደም። ሣሩ ስንት ነው? ተዳፋቱ ስንት ይወርዳል? በሩ ምን ያሳልፋል? ማን ይነዳዋል፣ በምን ሰዓት? በግቢው የሚሮጥ ሕፃን አለ ወይ? እነዚህ ከተመለሱ በኋላ ምርጫው ጠባብ ይሆናል፤ ጠባብ ምርጫም ከጸጸት ያድናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፣ በዓይን ብቻ የተገዛ ትራክተር በመጀመሪያው ተዳፋት ላይ ባለቤቱን ያሳፍራል። በመስፈሪያ የተገዛው ግን ሣሩን በጊዜው አሳጥሮ፣ የቤቱን ሰዎች በሰላም ወደ ማዕዳቸው ይመልሳል።