ክሬም የገባበት ቆስጣና የባለቤቴ ኩርፊያ

ባለፈው ሳምንት ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ ምድጃው ላይ የነበረውን ድስት ከፍታ አየችና «እንዴ ሲስተር፣ ሆቴል ከፈትሽ እንዴ?» አለችኝ። ድስቱ ውስጥ የነበረው በወተትና በቅቤ የተሠራ ቆስጣ ነው። አጠገቡ ደግሞ የተፈጨ ድንች ነበር። ስቄ ቡናዬን ቀዳሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። ይህን ምግብ የሆቴልና የፈረንጅ ብቻ ያደረገው ማነው?

ጎመን በአይብስ? በመስቀል ጉራጌ ወዳጆቻችን ቤት ከክትፎው ጎን የሚቀርበው፣ ድቅቅ ብሎ የተከተፈ፣ ቅቤና ኮረሪማ የጠጣ ጎመን በአይብ ምንድን ነው? ያው አታክልት ከወተት ጋር ተዋህዶ አይደለም ወይ? ፈረንጁ ወተቱን በዱቄት አጠንክሮ ያስገባል፣ የእኛ እናቶች ደግሞ በአይብ ያደርጉታል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። ድንቹም ቢሆን ከኛ ጋር አብሮ የተፈጠረ አይደለም። ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ በ1850ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው ያስገባው ይባላል። ዛሬ ግን የሻሸመኔን ድንች የፈረንጅ ነው ብሎ የሚተወው ማን አለ?

ይህን ሁሉ የምለው ለክርክር ብዬ አይደለም። በዚህ በተፈጨ ድንች የተነሳ እኔና ባለቤቴ ለአራት ወር ያህል ተኮራርፈን ነበር።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩት በጤና ጣቢያ፣ እናቶችና ሕፃናት ክፍል ነው። በሳምንት አንድ ቀን የምግብ ዝግጅት ማሳያ ነበረን። ድንች፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ ከተገኘ እንቁላል፣ አንድ ብረት ድስትና አንድ ሹካ፤ ሌላ ዕቃ የለንም። እናቶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው አግዳሚ ወንበር ላይ ይደረደራሉ፤ እኔ ቆሜ እየፈጨሁ አወራለሁ። «ልጁ 6 ወር ሲሞላው ከጡቱ ሌላ ይህን ጀምሩለት። አታቅጥኑት፤ ማንኪያው ላይ ቁጭ የሚል፣ የማይፈስ ይሁን። በመጨረሻ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል አድርጉበት» እላለሁ። ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም። ካሮትና ቆስጣ ውስጥ ያለውን፣ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠውን ነገር ሰውነት በደንብ የሚወስደው ቅባት ሲያገኝ ነው።

ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ ቁጥሩን እንጃ። የራሴ ቤት ላይ ሲደርስ ግን ጠፋኝ።

ካቻምና ኅዳር ላይ ባለቤቴን ስትሮክ መታው። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ፤ ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልታዘዝ አሉ፤ ምላሱም ተሳሰረ። ከሁሉ የከፋው መዋጡ ነበር። ውሃ ሲጠጣ ትን ይለዋል። ጠንከር ያለ ነገር ሲሰጡት ጉንጩ ውስጥ ይዞት ይቀራል። እንዲህ ላለ ሰው ወፈር ብሎ የለሰለሰ ምግብ ይሻለዋል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነበር። ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ዝቅ ማስደረግ፣ በትንሽ ማንኪያ ቀስ ብሎ መስጠት፣ ከበላም በኋላ ቶሎ አለማስተኛት። ሁሉንም እንደተማርኩት አደረግሁ።

ሐኪሙ ግፊቱን አይቶ «ጨው ይቀነስ፣ ቅባት አይብዛ» ብሎ ነበር። እኔ «ይቀነስ» የሚለውን «ይጥፋ» ብዬ ተረጎምኩት። ወረቀት ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። ጨው የለም፣ ቅቤ የለም፣ በርበሬ የለም። በውሃ የተቀቀለ ድንች በውሃው ተፈጨ፤ ካሮት ተቀቅሎ ተፈጨ። የማቀርብለት ደግሞ የልጅ ልጃችን ትታው ባደገችው፣ ዳክዬ በተሳለበት የፕላስቲክ ሳህን ነበር። አይሰበርም ብዬ ነው። እኛ ሳሎን ከትሪው ዙሪያ ስንቀመጥ እሱ መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ጨርቅ ደረቱ ላይ ተደርጎለት ይበላል።

መጀመሪያ ግማሹን ይተው ነበር። ቀጥሎ ሦስት ማንኪያ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው ማዞር ጀመረ። «ብላ እንጂ፣ ለጤናህ ነው» ስለው «እሺ ሲስተር» ይለኛል። ደህና ስንሆን በስሜ ነው የሚጠራኝ፤ ሲስተር የምባለው ሲያኮርፍ ነው። እኔም በተራዬ ለፍቼ አብስዬ እምቢ ሲለኝ ከፋኝና ዝም አልኩት። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ባልቦላ ሌላው ራዲዮ ሆነን ተቀመጥን።

ነገሩን ያየችው ከሐዋሳ ልትጠይቀው የመጣች ልጃችን ናት። ሱሪውን ስታስተካክልለት ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አየች። ማን በሳው? ራሱ፣ በግራ እጁ፣ እኔ ሳላይ። ሚዛን ላይ አቆምነው፤ 71 ኪሎ የነበረው ሰው 63 ገብቷል። ክብደቱ የቀነሰ ልጅ ይዛ የመጣችን እናት «ምን እያበላሽው ነው?» ብዬ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ልጄ «እማዬ፣ ምን እየሰጠሽው ነው?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ማንኪያውን አንስቼ ከሱ ሳህን ቀመስኩ። በአራት ወር ውስጥ አንድ ቀን ቀምሼው አላውቅም ነበር።

ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ላጥኩት።

አሁን የምሠራውን ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ ጥርሱ ያለቀ ወይም መዋጥ የሚቸግረው አዛውንት ካለ ትጠቀሙበታላችሁ። ድንቹን ከነልጣጩ በቀዝቃዛ ውሃ ጥጄ አበስለዋለሁ። ትኩሱን ልጬ በሹካ አደቀዋለሁ። የጁስ መፍጫ ውስጥ የሚከቱ አሉ፤ እባካችሁ ተዉ፣ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ሙጫ ደግሞ ለጤነኛም ጉሮሮ አይመችም። የሞቀ ወተት ጥቂት በጥቂት፣ አንድ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ትንሽ ጨው። አዎ፣ ጨው። አረንጓዴ የሆነ ድንች ከሆነ ግን አልምረውም፤ ፀሐይ ላይ በላስቲክ ዘርግተው ከሚሸጡትም አልገዛም። አረንጓዴው ብርሃን ሲያገኝ የሚፈጠር መርዝ እንዳለበት ምልክት ነው፤ መቀቀልም አያጠፋውም።

ለቆስጣው ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጬ፣ ሁለት ማንኪያ ፍርኖ ዱቄት አስገብቼ፣ ሳይጠቁር አማስለዋለሁ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት በቀስታ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የታሸገ ክሬም ለጡረተኛ ኪስ የሚሆን አይደለም፣ አያስፈልግምም። ቆስጣውን ቀቅዬ፣ ውሃውን ጨምቄ፣ በጣም አድቅቄ ከትፌ እጨምረዋለሁ። የቆስጣውን ግንድ አውጡት፤ ክሩ ጉሮሮ ላይ ይጠመጠማል። ፈረንጆቹ ገውዝ ይፈቀፍቁበታል፤ እኔ ኮረሪማና አንድ ፍሬ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት አደርግበታለሁ። ጨው ሲቀንስ የሚክሰው ይኸው ነው፤ ጣዕም በጨው ብቻ አይመጣም።

ጾም ላይ ትንሽ ተቸግረን ነበር። የንስሐ አባቱ «አንተ ሕመምተኛ ነህ፣ ተፈቅዶልሃል» ቢሉትም ረቡዕና ዓርብ ወተት አልቀምስም አለ። እኔም አልተከራከርኩትም፤ ተከራክሬ የት ደረስኩ? ሱፍ ቀቅዬ፣ ወቅጬ፣ በወንፊት አጥልዬ በወተቱ ፈንታ አገባሁት። ጎረቤቴ ሆቴል ያለችው ቆስጣ በሱፍ ሲሠራ ከወተቱም ይጥማል፤ እኔ እንዲያውም ለራሴ እሱን እመርጣለሁ።

ለጤነኛ ሰው ግን ሌላ ነው የምለው። በየድግሱ ቡፌ ላይ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ ድንች ጥብስና የድንች ሰላጣ አንድ ሳህን ላይ ተቆልለው፣ ዳር ላይ ደግሞ እንጀራ ተጠቅልሎ ሳይ ስኳር ያለባቸው እህቶቼ ይታዩኛል። ድንች እንጀራን ይተካዋል እንጂ አያጅበውም። ማዮኔዝ ገብቶበት ከጠዋት ጀምሮ ድንኳን ውስጥ ሲሞቅ የዋለውን ሰላጣ ደግሞ እኔ አልነካም፤ የታዘባችሁኝ ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ወደ ባለቤቴ ልመለስ። ምግቡ ከጣፈጠም በኋላ መኝታ ቤቱን አልለቅ አለ። «ሳሎን ከኛ ጋር ብላ» ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ምክንያቱን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ቀኝ እጁ አይሠራም። በግራ እጅ ከትሪ መብላት ነውር ነው ተብሎ ያደገ፣ ልጆቹንም በዚሁ የቀጣ ሰው ነው። በግራ እጁ ከኛ ጋር ከሚበላ በዳክዬው ሳህን ብቻውን ቢበላ መርጦ ኖሯል። ይህን ከነርስነት ትምህርቴ ውስጥ የትኛውም ገጽ ላይ አላገኘሁትም።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ትልቁን ትሪ አውጥቼ መሐሉ ላይ እንጀራ ሳላነጥፍ ድንቹን ከመርኩት፤ ዙሪያውን ቆስጣውን አደረግሁ፣ በአንድ በኩል ለእኛ ትንሽ ምንቸት አብሽ። ለሁሉም ማንኪያ ሰጠሁ፤ ለልጄም፣ ለልጅ ልጄም፣ ለራሴም። እንጀራ የሚፈልግ ጎን ላይ አለ አልኩ፤ ማንም አላነሳም። ልጄ ደግፋ አመጣችውና ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ሁላችንንም በየተራ አየን፤ ከዚያ ማንኪያዎቻችንን አየ።

የልጅ ልጃችን በግራ እጇ ጀመረች። ልጄ ልትቆጣት አፏን ስትከፍት በክርኔ ነካኋት።

እሱም በግራ እጁ ማንኪያውን አንስቶ ከድንቹ ቆረሰ። ቀስ ብሎ ዋጠ፣ ጠበቅሁ፣ ትን አላለውም። ሁለተኛውን ማንኪያ ግን ወደ አፉ አልወሰደውም። እየተንቀጠቀጠ ወደ እኔ ዘረጋው። ጎረስኩ። ግማሹ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ።

ከዚያ በስሜ ጠርቶኝ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመ፣ «ጨው ያንሰዋል» አለኝ።