አዲሷ ኤሊያችን

ሌላ ከተማ የሄደች የሜሪላንድ ጎረቤታችን ናት ኤሊዋን የሰጠችን። ኤሊዋ ሦስት ቀን ሙሉ አልበላችም። ልጄ «እማዬ፣ ታማ ይሆን?» እያለች ገንዳው አጠገብ ቁጭ አለች። አልታመመችም፣ ቤቱ አዲስ ሆኖባት ነው። እኔም አገር የቀየርኩ ሰሞን እህል አልወርድ ብሎኝ ነበር፤ ስለዚህ አላስቸገርኳትም።

ውሃዋን ወደ 25 ዲግሪ አሞቅን። ወጥታ የምትሞቅበት ድንጋይ ላይም መብራት አደረግንላት፤ ተራ አምፖል ግን አይበቃም፣ አልትራቫዮሌት ካላገኘች ቅርፊቷ ይለሰልሳል። ከነካናት በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን፣ ሳልሞኔላ ልትይዝ ትችላለችና።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አንገቷን ቀስ አድርጋ አወጣች። ከዓይኗ ኋላ ያለው ቀይ መስመር ታየ። የሰላጣውን ቅጠል አየችው፣ አየችው፣ ከዚያ ጠርዙን ነከሰች።

«ለመደችን?»

«ገና ነው፣ የኔ እናት። ቀስ ብላ ትልመደን።»