ደጃፍ ላይ የተሰቀለ ምልክት

እኛ ሁለት ወንድማማቾች ነን። አጎታችንም አብረውን ይጓዛሉ። ሦስታችንም ቢራ እንወዳለን። ሰው አገር ስንደርስ «አሮጌው መጠጥ ቤት የት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። የቆየ ቤት የቆየ ታሪክ አለው።

አንድ ጊዜ ለንደን ሄድን። ሳውዝዋርክ በሚባል ሰፈር «ጆርጅ» የተባለውን መጠጥ ቤት ፈለግን። እኛ ፊደል የቆጠርነው ቤቱን አልፈነው ሄድን። አጎታችን ግን ማንበብ አይችሉም፤ ቀና ብለው አዩና «ያውላችሁ ጊዮርጊስ!» አሉ። እውነትም ምልክቱ ላይ ፈረሰኛው ዘንዶውን ይወጋል።

ቤቱን በ1676 እ.ኤ.አ. እሳት አቃጠለው። እንደገና ተሠራ። በሠረገላ የሚጓዙ መንገደኞች ያድሩበት ነበር። ባቡር ሲመጣ ሠረገላ ቀረ። በ1889 የባቡር ኩባንያ አብዛኛውን አፈረሰው። ዛሬ የቀረው አንድ ጎኑ ነው፤ የእንጨት ሰገነቱ ግን አሁንም ያምራል።

ጥንት ብዙው እንግሊዝ ማንበብ አይችልም ነበር። መጠጥ የጠመቀ ሰው ደጁ ላይ እንጨት ያቆማል፤ ጫፉ ላይ ቅጠል ያስራል። በ1393 ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ ጠማቂዎች ምልክት እንዲሰቅሉ አዘዘ። መጠጡን የሚቀምሰው ሹም ቤቱን በቀላሉ እንዲያገኝ ነው። ይህን ስንነግራቸው አጎታችን ሳቁ። «እኛስ ጣሳ በእንጨት ላይ እንደፋ የለም እንዴ!» አሉ።

ቢራው ከገብስ ብቅል ይጠመቃል። በጌሾ ፋንታ ሆፕ የሚባል ተክል ይገባበታል። ከምድር ቤት ካለው በርሜል በእጅ እየተሳበ ይቀዳል። አጎታችን ቀመሱና «ይሄማ የጠላ ዘመድ ነው» አሉ።

በማግስቱ ሌላ መጠጥ ቤት ገባን። መቅጃው ላይ የመጠጡ ኃይል በቁጥር ተጽፏል። አንዱ 4 ይላል፤ አንዱ 8። 8 ማለት ከመቶ እጅ 8ቱ አልኮል ነው። እኛ ወንበር ስንፈልግ፣ አጎታችን 8ቱን በጣታቸው ጠቁመው አዘዙ። እንደ ትናንቱ መስሏቸው ደጋገሙት። ማታ ከደረጃ ላይ ወደቁ። ቀኝ እጃቸው ተሰበረ።

ጥፋቱ የእኛ ነው። አንብበን አልነገርናቸውም። አፍረን ዝም አልን።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ሥዕል ደጃፍ ድረስ ያደርሳል። ውስጥ ያለውን የሚናገረው ጽሕፈቱ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ለመሆኑ ስምንት እንዴት ነው የሚጻፈው?» ብለው ጠየቁን።

ወረቀት ሰጠናቸው። ቀኝ እጃቸው ታስሯል። በግራ እጃቸው ጻፉት።