ፀሐይ የወሰደችው ቀን

ከአርባ ምንጭ ወደ ላንቴ ሲኬድ መንገዱ ሙዝ በሙዝ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ይበረታል። እኛ አስተማሪዎቹ ግን የትምህርት ሰዓት ስንወስን ይህን አላሰብንም፤ ከቀኑ 7 ሰዓት አደረግነው። ሰዉ ከሙዝ እርሻው በጠራራ ፀሐይ እየመጣ ይማር ነበር።

አንድ ቀን ከጨንቻ ደጋ ለሥራ የወረዱ ተማሪያችን መንገድ ላይ ወደቁ። ራሳቸውን አዞራቸው፣ አስመለሳቸው። ጥላ ሥር አስተኝተን በእርጥብ ጨርቅ አበረድናቸው። ወባ መስሎን ነበር። ደማቸው ሲመረመር ወባ የለም፤ ሙቀት ነው ተባልን። ላብ ውሃና ጨው ይዞ ይወጣል፤ ካልተተካ ሰውነት ይዝላል። የደጋ ሰው ደግሞ ቆላውን እስኪለምድ አንድ ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል።

ባለቤታቸው፣ «መድኃኒቱስ ርካሽ ነው፤ ቀኑ ነው የተወደደብን» አሉን።

እውነት ነው ወይ ብለን በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ደመርነው። እሳቸው 4 ቀን ተኙ። ባለቤታቸው 3 ቀን አስታመሙ። የተሸከሟቸው ሁለት ጎረቤቶች አንድ አንድ ቀን ዋሉ። 4 እና 3 እና 2፣ 9 የሥራ ቀን! ያለፋቸውን ገበያ ሳንቆጥር ነው ይሄ።

ነገሩ የላንቴ ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በ2030 ሙቀት ከዓለም 100 የሥራ ሰዓት ከ2 በላዩን ይወስዳል። ከሚጠፋው ሰዓት ከመቶ 60ው የእርሻ ሥራ ነው።

ትምህርታችን አሁን ከምሽቱ 12 ሰዓት ሆኗል። በማንጎው ጥላ ሥር ውሃ በእንስራ ይቀመጣል። ተማሪያችን ግን ለእነዚያ ቀናት የተበደሩትን ገና እየከፈሉ ነው።